ፎርሙ ላይ «እንግሊዝኛ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ የሄድኩት እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ነሐሴ ውስጥ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ከገባን ገና ሦስት ሳምንታችን ነበር። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍልን ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ ነው የጨረሰው። የክትባት ካርዱን፣ የኪራይ ውላችንንና የውጤት ካርዱን በፌስታል ይዤ ተራዬን ጠበቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንድ እቅፍ ወረቀት ሰጠችኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ቤታችሁ ውስጥ በብዛት የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ልጁ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በየትኛው ቋንቋ ነው? አፉን የፈታበት ቋንቋስ?

ሦስቱም ላይ «እንግሊዝኛ» ብዬ ጻፍኩ።

እንዲህ ያደረግኩት ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ፣ እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት ስለመከረችኝ ነው። «አማርኛ ብለሽ እንዳትጽፊ» አለችኝ። «ኢሶል ውስጥ ይከቱታል። እዚያ ከገባ መውጫ የለውም፤ ከሰነፎቹ ጋር ነው የሚያስቀምጡት።» ኢሶል እንግሊዝኛ ገና ለሚለምዱ ተማሪዎች የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት ነው። ክፉ አስባ አይደለም፤ እሷም ከሌላ ሰው የሰማችውን ነው የነገረችኝ። ወሬው ዛሬም አልቆመም። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቆሞ ሲያወራ፣ አየር ማረፊያ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች መኪናቸውን ተደግፈው ሲጨዋወቱ፣ ልጅ ያስመጣ ሰው ቤት ቡና ላይ፣ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ይህን የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ያ ወረቀት ምን እንደሚሠራ ያኔ የነገረኝ ሰው የለም። የቤት ቋንቋ መጠይቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ማንኛውም ልጅ፣ ስሙ አበሻም ይሁን ጆን፣ ይሞላለታል። ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል ወይም አይችልም የሚል ፍርድ አይደለም። የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ማጣሪያ ፈተና ይፈተን ወይስ አይፈተን። በአብዛኛው ከሦስቱ በአንዱ መስመር ላይ እንኳ ሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ይፈተናል። ሦስቱም ላይ እንግሊዝኛ ከተጻፈ ግን ዓይናቸውን ወደ ሌላው ልጅ ያዞራሉ። የኔን ልጅ ያለፉት እንዲህ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ገባ። ዝም አለ።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። የሒሳብ ወረቀት ነው፤ ክፍልፋይ። ሃያ ጥያቄ አለው፣ አንዱንም አልነካውም። ጥያቄው በቁጥር ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም፤ ዙሪያውን በቃላት የታጠረ ነው። ጎግል ላይ እያየሁ አንዷን ቃል ተረጎምኩለት። «ላዕል ማለት ነው» አልኩት፤ ሌላዋ ደግሞ ታህት። ቀና ብሎ አየኝ። «እማ፣ ላዕልና ታህት ነው እንዴ የሚሉት? ይሄንን እኮ አራተኛ ክፍል ጨርሼዋለሁ» አለኝና እራት እስክንበላ ድረስ ሃያውንም ሠርቶ አስረከበኝ። እኔ ደስ አላለኝም። ሒሳብ የሚያውቅ ልጄ ሒሳብ እንደማያውቅ ሆኖ ክፍል ውስጥ ሁለት ወር መቀመጡን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ኅዳር ላይ የወላጅና የመምህር ስብሰባ ተጠራሁ። አስተርጓሚ በስልክ አስገቡልኝ። አንዲት የታሪክ መምህርት ነበረች፣ እጅግ ትሁት ሰው። እንዲህ አለችኝ፤ «ጥያቄ ስጠይቀው ዓይኔን አያየኝም። አንዳንዴ ደግሞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ የሚደነግጥ ይመስለኛል። አስም አለበት?» እኛ «እሺ» ወይም «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እንደምናደርግ አስቤው አላውቅም ነበር። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ «አዎ» እያላት ነበር፤ እሷ ግን የታመመ መሰላት። ዓይኗን ያላየውም አክብሯት ነው። ይህን ስነግራት ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ቤት ውስጥ የምታወሩት በምን ቋንቋ ነው?» አለችኝ። ስልኩ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ በንጹሕ አማርኛ ደገመልኝ። በአማርኛ ተጠይቄ በአማርኛ እየመለስኩ «በእንግሊዝኛ» ማለት አልቻልኩም።

ማንም አልተቆጣኝም። ፎርሙ ይታረማል። ለነገሩ እኔ ባላርመውም አንድ መምህር ልጁ ሲቸገር ካየ፣ እንዲፈተን ራሱ ማመልከት ይችላል። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ፀፀቴ ይቀልልኝ ነበር።

ፈተናው ምን ይመስላል ለምትሉ፦ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታና ሌሎች ብዙ ስቴቶች ዊዳ የሚባለውን ይጠቀማሉ። መቀመጫው ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ የየራሳቸው አላቸው። ልጁ ማዳመጫ አድርጎ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ይሰማል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ማይክ ላይ ይናገራል። ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ነው የሚለካው። የኔ ልጅ ማዳመጡ ከ3 ከፍ ያለ ነበር፤ ንግግሩ 1። ለማያውቀው ማሽን፣ ያውም ለብቻው ተቀምጦ ጮክ ብሎ ማውራት አፍሮ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ሊፈተን ሲሄድ አንድ ነገር ንገሩት፤ እዚያ ቤት ዝም ማለት እንደ ጨዋነት አይቆጠርም። ቢሳሳትም ያውራ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የምንፈራው ይህን ክፍል ነው። ሴትየዋ እንዳለችው ከሰነፎች ጋር አላስቀመጡትም። ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ስፖርቱን ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚማረው። በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ከኢሶል መምህሯ ጋር እንግሊዝኛ ይማራል፤ ስምንት ልጆች ናቸው፣ ከኤልሳልቫዶር፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከጋና የመጡ። ሳይንስ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ መምህር ገብታ ከጎኑ ትቀመጣለች። ከትምህርቱ በፊት ቃላቱን ከሥዕል ጋር ትሰጠዋለች። «እኔ የሚመስለኝ ... ምክንያቱም ...» የሚል ጅምር ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ትጽፍለታለች፣ እሱ ባዶውን እየሞላ እጁን ማውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ድርሰት ሲጽፉ ጨነቀው። መምህሯ «መጀመሪያ በራስህ ቋንቋ ጻፈው» አለችው። በአማርኛ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አያቱ ቤት ጻፈ። ፊደሉን ስታይ ወረቀቱን አንስታ ለክፍሉ ሁሉ አሳየች። ያን ቀን ቤት የገባበትን ፊት አልረሳውም። ፈተና ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሰዓትና ቃል በቃል የሚተረጉም የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ተፈቀደለት።

ይህን ሁሉ ያገኘው መምህራኑ ደግ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ሕግ አለው፤ ታሪኩንም ማወቅ ለኛ ይጠቅማል። ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ገደማ ቻይናውያን ተማሪዎች ምንም ተጨማሪ እርዳታ ሳያገኙ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ወላጆች ከሰሱ። ክሱ የሚጠራው ላው በሚባል ትንሽ ልጅ ስም ነው። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። የፍርዱ ሐሳብ ይህ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት መምህር መስጠት እኩልነት አይሆንም፣ ቋንቋውን የማይረዳ ልጅ ከትምህርቱ ውጭ ነው። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በ1981 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ከአንዲት ከተማ በተነሳ ክስ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ድጋፉ የሚመዘንባቸውን ሦስት ነገሮች አስቀመጠ። ፕሮግራሙ በእውቀት ላይ የቆመ ይሁን። መምህርና መሣሪያ ይመደብለት። እየሠራ መሆኑ ይፈተሽ፣ ካልሠራ ይለወጥ። ሦስተኛዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ2025 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2015 ለትምህርት ቤቶች የተላከውን የማብራሪያ ደብዳቤ አነሳ። ያኔ ብዙ ወላጆች ደንግጠው ደውለውልኛል፤ «ኢሶል ቀረ አሉ» እያሉ። አልቀረም። ደብዳቤው ሕጉን ያብራራ ነበር፤ ሕጉና ፍርዱ ግን በቦታቸው ናቸው። የወረቀት ጉዳይ የሚያሳስባችሁም ካላችሁ፣ ከ1982 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅም የመማር መብት አለው። ያ የቋንቋ ፎርም ስለ ኢሚግሬሽን ምንም አይጠይቅም።

አሁን ሁላችንም የምንጥላት ደብዳቤ አለች። ልጁ ተፈትኖ እንግሊዝኛ ተማሪ ተብሎ ከተለየ፣ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ በጽሑፍ መንገር አለባቸው። በዓመቱ መሀል የገባ ከሆነ ሁለት ሳምንት ነው። ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚሰጠው፣ ለመውጣት ምን እንደሚጠበቅበት ተጽፎበታል። ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ተቀላቅላ ቆሻሻ ውስጥ ትገባለች። አታስገቧት። አልገባችሁም? በአማርኛ ጠይቁ። በኛ አካባቢ ያሉ ትላልቅ የትምህርት ቢሮዎች አማርኛ ጽሑፍ አላቸው፤ ዲሲማ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ አማርኛ ከዋነኞቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ በነጻ ነው። «አማርኛ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» በሉ፣ ይበቃል። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙ። ስለ ራሱ ውጤት የሚወራውን የ10 ዓመት ልጅ እንዲተረጉም ማድረግ ለልጁም ሸክም ነው። ጎረቤቴ ልጇ «ጎበዝ ነው አለች» ብሎ የተረጎመላት ስብሰባ፣ ለካ ስለ መቅረቱ የተጠራ ነበር።

ፕሮግራሙን አልፈልግም ማለትም ይቻላል። የባለቤቴ ወንድም እንዲያ አደረገ። ያላወቀው ነገር፣ እምቢ ቢልም ልጁ ከመዝገቡ አይወጣም። እንደሌሎቹ በየዓመቱ ክረምት፣ ማለትም የፈረንጅ ክረምት ጥር የካቲት ላይ፣ ያንኑ ፈተና ይቀመጣል። ትምህርቱ ቀርቶበት ፈተናው ብቻ ተረፈው። እኔ በበኩሌ እምቢ የማለት ጥቅሙ አይታየኝም።

ሌላው የሚያሞኘን የልጆቻችን አፍ ነው። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ማን አበሻ፣ ማን ተወላጅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ «አለቀ፣ አሁን ያስወጡት» አለ። ውጤቱ መጣ። ንግግሩ አሪፍ፣ ንባቡና ጽሑፉ ገና። ካናዳዊው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ይህን ልዩነት ከ40 ዓመት በፊት ጽፎታል። የጨዋታ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል፣ የመጽሐፍ ቋንቋ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ልጄ ስለ ቅርጫት ኳስ አንድ ሰዓት ያወራል። የሳይንስ መጽሐፉ ላይ «ስለሆነም»፣ «ሆኖም ግን»፣ «በአንጻሩ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሲያገኝ ግን ይቆማል። እነዚህ ቃላት ጨዋታ ላይ የሉም። ስለዚህ አፉ ቢፈታም፣ ንባቡና ጽሑፉ እስኪደርስ ታገሡ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ያቺ ሴት የነገረችኝ ወሬ ከሜዳ አልመጣም። ስድስት ሰባት ዓመት ኢሶል ውስጥ የቆዩ ልጆች አሉ። አይቻለሁ። ሃይስኩል ደርሰው ሙዚቃውም ኮምፒውተሩም አልፏቸው፣ የምርጫ ትምህርታቸውን ቦታ እንግሊዝኛ ሁለቴ የያዘባቸው። መፍትሔው ግን ፎርሙ ላይ መዋሸት አይደለም፣ ልጁ ከገባ በኋላ መከታተል ነው። ሦስተኛዋን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ካልሠራ መለወጥ አለበት፤ ይህን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። በየዓመቱ የፈተናውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። ካምናው ስንት ጨመረ? ንባቡ ለምን ባለበት ቆመ? ከየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው አውጥታችሁ የምታስተምሩት? ከሳይንስ ከሆነ አልስማማም በሉ። ሃይስኩል ከሆነ ትምህርቱ ለመመረቂያ ክሬዲት ይቆጠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከኢትዮጵያ ያመጣችሁት የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ውጤትም መሳቢያ ውስጥ አይቅር፤ አስተርጉማችሁ አስገቡ፣ ክሬዲት የሚያስገኝ ይኖረዋል።

ልጁ የመማር ችግር ያለበት የሚመስላችሁ ካላችሁ ደግሞ «መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይልመድ» ተብላችሁ አትመለሱ። ሁለቱ ድጋፎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ምርመራውም ልጁ በሚገባው ቋንቋ እንዲሆን ጠይቁ።

አማርኛውንም አትጣሉ። እንግሊዝኛው ቶሎ እንዲመጣ ብለው ቤት ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጆቻቸውን የሚያናግሩ እናቶች አውቃለሁ፤ ልባቸው ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ከሁለቱም ያንሳል። የኔ ልጅ ታህት ምን እንደሆነ በአማርኛ ስላወቀ ነው በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ የጎደለው። ባያውቅ ኖሮ ቃሉም ሐሳቡም ይጎድለው ነበር።

ሦስት ዓመት ፈጀበት። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የመውጫውን ነጥብ አመጣ። ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ዓመት ውጤቱን ይከታተላሉ፣ ወደ ኋላ ከቀረ ይመልሱታል። አልተመለሰም። አሁን ኮሙኒቲ ኮሌጅ ኢንጂነሪንግ ይማራል።

ትንሿ ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው። መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ፎርሙ ላይ «አማርኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱ መስመር ላይ። አባቷ ተቆጣ። «እዚህ ተወልዳ እንዴት ኢሶል ትባላለች?» አለ። ተፈትና ገባች፣ ሁለተኛ ክፍል ላይ ወጣች። አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ ተማሪ ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ይህን ለእሱም አሳየሁትና ነገሩን ተወው።

ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ምዝገባ እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ ከመጡ አሥር ቀናቸው ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ የ7 እና የ14 ዓመት። የክትባት ካርዱንና ውጤቱን ትናንት አብረን አስተካከልን። እናትየዋ ማታ ደወለችልኝ። «ትልቁ ከአያቱ ጋር ስላደገ ትግርኛም ያወራል፣ አማርኛም ያወራል፤ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ጻፊ» አልኳት።